አዲስ ቤት ለሚሠሩ ምእመናንና ቤት ለሚባርኩ ካህናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የእስራኤል ልጆች ገና በድንኳን ሲጓዙ፥ አንድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳያኖሩ፥ እግዚአብሔር ወደ ፊት ስለሚሠሩት ቤት ሕግ ሰጣቸው። ይኸውም በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የሚገኘው፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ የሚያዘው ትእዛዝ ነው። የዚያ አገር ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለ ነበረ ሰዎች ወጥተው ይነፈሱበት፥ በሙቀትም ወራት ይተኙበት ነበር። መከታ ከሌለው ሰገነት ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ ከቤቱ ባለቤት ይፈለጋል። ይህን ቃል እናነበዋለን እንጂ ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም፥ ማንንም አልመታም፤ በገንዘቡ ቤቱን ሠራ እንጂ። ነገር ግን በቤቱ ምክንያት በሌላው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ ስላላሰበ በደም ይጠየቃል።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያስነሣኝ በድሬዳዋ ከተማ ያየሁት ነው።

ድሬዳዋ በአገራችን በፕላንና በቅያስ ከተቆረቆሩት ከተሞች አንዲቱ ናት። የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ በደረሰ ጊዜ፥ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለባቡር የማይቻል ሆኖ ስለ ተገኘ ጣቢያው ከተራራው ግርጌ ቀረ። ከተማይቱም አዲስ ሐረር ትባል ተብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ማለትን አልተወም። ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ከዚራ በተለካ ቦታ፥ በቀጥተኛ መንገድና በዛፍ ጥላ ተሠራ፤ በማዶው መጋላ እንደ ሰዉ ብዛትና እንደ ገበያው ሁኔታ እያደገ ሄደ። በሁለቱ መካከል ያለው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለበት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ነጋዴ ይቀመጥበታል። ጠባዩን የማያውቅ እንግዳ ሰው፥ ይህን የሚያህል ቦታ በከተማ መካከል ለምን ባዶ ተዉት ብሎ ይገረማል።

ለዚህ ጥያቄ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. መራራ መልስ ተሰጠ። በደጋው የዘነበው ዝናብ ሰው በተኛበት ሰዓት ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ነፍሳትን ወሰደ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ቤት አልባ ሆነው በድንኳን ተጠለሉ። ከዚያ ወዲህ፥ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን በአሸዋ ላይ ቤቱን ስለ ሠራው ሰው የተናገረውን ምሳሌ እያነሣ፥ ሟቾቹን እንደ ሰነፎች የሚቆጥር ስብከት ሰምቻለሁ። ይህ ትርጓሜ ስሕተት ነው። የጌታችን ምሳሌ ቃሉን ሰምቶ ስለማያደርገው ሰው የተነገረ እንጂ፥ ሌላ ማደሪያ አጥቶ በወንዝ ዳር ስለ ሰፈረው ድኻ የተነገረ አይደለም። ስለ እነዚህስ ራሱ ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ፈርዶላቸዋል፤ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው የሞቱት 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፥ ፍርዱን ቆመው ወደሚሰሙት መልሶታልና። እኛም ቆመን የምንሰማ ነን። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን ከታች የነበረው ለምን ሞተ ብለን ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለው የውሃውን መንገድ ምን አደረገው ብለን ጭምር ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ነገር እመለሳለሁ። በከተማይቱ ዳርና ዳር አዲስ ቅያስ እየወጣ፥ ምእመናንም በጨረታ ወይም በማኅበር ቦታ እያገኙ፥ እንደ ልባቸው ፕላን አስነሥተው ቤት ይሠራሉ። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ሰው ለልጆቹ ማደሪያ ማበጀቱ ተገቢ ነው፤ የኦሪቱ ሕግማ አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀውን ሰው ከዘመቻ እንኳ ይመልሰው ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ «ቦታ ገዛሁ» ሲል እሰማለሁ፤ ይህ አነጋገር በሕጉም በሃይማኖቱም በኩል ትክክል አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አይለወጥም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን ቦታ በ99 ዓመት ወሰነው። አንዳንዱ በዚህ ያዝናል፤ የአባቴ ርስት ነበረ የሚልም አለ፤ የእርሱን ኀዘን አላቃልለውም። እንደ ካህን ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እግዚአብሔር ምድሪቱ የእርሱ እንደ ሆነች፥ ሰዎቹም በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደ ሆኑ መናገሩን አስባለሁ። እንግዳ ደግሞ በተሰጠው መኝታ ያርፋል እንጂ የሌላውን እንግዳ መኝታ አይገፋም።

በቅርብ ጊዜ አንድ ምእመን የቤቱን መሠረት እንድባርክለት ጠራኝ። ፕላኑን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ሳሎኑ፥ መኝታ ቤቶቹ፥ ሰፊው በረንዳ፥ ከሁሉም በላይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደረገ ትንሽ የጸሎት ቤት በውስጡ ነበረ። በእውነት ደስ አለኝ። ዳዊት ደግሜ፥ ጠበሉን እየረጨሁ ችካሉን ተከትዬ ስዞር ግን ከቦታው ጠርዝ ላይ ከኮረብታው የሚወርድ ደረቅ ቦይ አየሁ። የአጥሩ ችካል ቦዩን ተሻግሮ ተተክሏል።

«ልጄ፥ ይህ ቦይ የምንድን ነው?» አልኩት።

«አባቴ፥ የድሮ የውሃ መውረጃ ነው፤ ከደረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ብደፍነው 2 ሜትር አገኛለሁ» አለኝ።

«ክረምት ጠንክሮ የመጣ እንደ ሆነስ?»

«ወደ ታች ይዞራል።»

ወደ ታች ተመለከትሁ። ከታች ያለው የአንዲት ባልቴት የጭቃ ቤት ነው፤ በደጃፏ የልጅ ልጆቿ ይጫወታሉ። ችካሉ ወደ ስፍራው ሳይመለስ ቡራኬውን እንደማልፈጽም ነገርኩት። በጉ ታርዷል፤ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ሰውዬው በሰው ፊት ስላፈረ ተቆጣ። «የሚቈጣጠረኝ መሥሪያ ቤት ያላለኝን እርስዎ ይሉኛል?» አለኝ። መስቀሌን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ ያን ቀን እጅግ አዘንሁ። ያዘንሁትም በእርሱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት የብዙ ሰዎችን መሠረት ባርኬያለሁ፤ በዚያው ሰፈር እንኳ አንድ ቤት ባርኬያለሁ። ዐይኔ ከመጽሐፉ ወደ ምድር ወርዶ አያውቅም ነበር።

ካህናት ወንድሞቼ፥ ስለ ሌላው በደል ስንጠራ ቶሎ እንደርሳለን። ባለቤቱ ሠራተኞቹን በፀሐይ ድንጋይ አሸክሞ ደመወዛቸውን ቢያስቀር፥ ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 22፥ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ወቅሰውታልና አፋችንን ከፍተን እንገሥጻለን፤ ሠራተኛው መጥቶ ያለቅስብናልና። ውሃ ግን መጥቶ አይከስስም። የባልቴቷ የልጅ ልጆችም ከላይ የተተከለውን ችካል አያውቁትም። ስለዚህ ጠበል የምንረጭ እኛ፥ የክረምቱ ውሃ ከዚያ ቦታ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የቡራኬያችን ክፍል ነው እላለሁ። ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው የሚለኝ ካለ፥ የሰገነቱን መከታ ያዘዘው ሙሴ መሐንዲስ አልነበረም ብዬ እመልስለታለሁ።

በአራተኛው ቀን ማታ ሰውዬው ከቤቴ መጣ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ከሚስቱ ጋር ሲመክር እንደ ሰነበተ ነገረኝ፤ በ1998ቱ ጎርፍ የእናቷ ወንድም መሞቱንም ያን ጊዜ ሰማሁ። ችካሉን መለሰ። መሠረቱ በከፊል ተቈፍሮ ስለ ነበረ ግንበኛው እንደ ገና አስከፈለው፤ በረንዳውም ጠበበ። ቦዩን ግን በድንጋይ አስገነባው። ቤቱ አልቆ በተመረቀ ጊዜ ባልቴቷ ከተጠሩት አንዷ ነበረች፤ እንጀራም ያነሣችው ከቤቱ ባለቤት እናት ጋር ከአንድ ገበታ ነው።

አስቀድሜ ሳላይ የባረክሁት ቤት ግን ቆሟል፤ አጥሩም ውሃ መውረጃውን እንደ ዘጋ ነው። ወደ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ሄድሁ። መጀመሪያ በአክብሮት ሰማኝ፥ ሁለተኛው ጊዜ ግን ከደጅ መለሰኝ፤ «አባቴ፥ ያን ጊዜ ባርከውት የለምን?» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከፋሲካ በኋላ፥ ክረምቱ ሳይገባ፥ ሦስተኛ እሄዳለሁ፤ የንስሓ አባቱንም አስከትዬ ለመሄድ ተነጋግረናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።