የአስታማሚ ልብ በምን ይሰፈራል?

ሰው የሚመዝነውና የሚሰፍረው ነገር ብዙ ነው። እህሉን በቁና፣ ጨርቁን በክንድ፣ መንገዱን በኪሎሜትር፣ ትኩሳቱን በቴርሞሜትር ይለካል። የለካውን ነገር ሁሉ ያወቀው፣ ያወቀውንም ሁሉ የገዛው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ለልኬት የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ እናቱ ወይም ወንድሙ በሞትና በሕይወት መካከል ተኝተው ሳለ ከበር ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ልብ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፋችን ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሆስፒታል የአስታማሚን እርካታ ሊለካ ይገባዋልን? የለካ እንደ ሆነስ፣ በእርግጥ የለካው ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ከተማ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው ሆስፒታል ሩቁ አይደለም፤ የዘውዲቱ መታሰቢያና የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎች እዚያው ይገኛሉ። በካዛንቺስ፣ ማለት በጠላት ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ስሙን ባገኘው ሰፈር፣ ሰው ሲታመም ብቻውን አይታመምም ነበር። ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ ዕድርተኛ ተራ ገብቶ ይጠይቃል፤ የንስሐ አባት ጸሎት ያደርሳሉ። በሆስፒታልም የተኛ እንደ ሆነ አስታማሚው ከአልጋው ሥር ጋቢውን አንጥፎ ያድራል፤ ያጎርሳል፤ ያገላብጣል፤ የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። «አስታማሚ» የሚለው ቃል «ታመመ» ከሚለው ግስ መውጣቱን አንባቢ ልብ ይበል። በቋንቋችን አስታማሚ ማለት እንግዳ ጠያቂ ሳይሆን ሕመሙን የሚካፈል ሰው ነው።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን ለዚህ ልማድ በሩን የሚዘጋ ቤት ነው፤ የሚዘጋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ክፍል የተወለደው በዴንማርክ አገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በኮፐንሀገን ከተማ የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ሕሙማን መተንፈስ እያቃታቸው ይሞቱ ነበር። ብዮርን ኢብሰን የተባለ ሐኪም በጉሮሮ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ አየር በእጅ እየገፉ ማስተንፈስ እንደሚቻል አሳየ። መሣሪያው ባለመኖሩም ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ፣ ከየበሽተኛው አጠገብ ተቀምጠው ከረጢቱን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኢብሰን በዚያው ከተማ ልዩ ክፍል አቋቋመ። እንግዲህ ዛሬ በመሣሪያና በሽቦ የተሞላው ክፍል የተጀመረው በሰው እጅና በሰው አጠገብ መቀመጥ እንደ ነበረ አይዘነጋም።

በዚህ ክፍል የተኛ ሰው ብዙ ጊዜ መናገር አይችልም፤ ስለዚህ ስለ ተደረገለት ነገር ሊመሰክር የሚችለው ቤተ ሰቡ ነው። በካናዳ አገር የሚገኙ ሊቃውንት በ2001 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ለቤተ ሰብ የሚቀርብ መጠይቅ አዘጋጁ፤ በ2007ም ጥያቄዎቹ ተመርጠው 24 ሆኑ። ዐሥራ አራቱ ስለ እንክብካቤው፣ የቀሩት ዐሥሩ ቤተ ሰቡ በውሳኔ ስለ ነበረው ድርሻ ይጠይቃሉ፤ መልሱም ከዜሮ እስከ መቶ በሚደርስ ቁጥር ይታሰባል።

ከእንዲህ ያሉ ጥናቶች ሁለቱ በጣም ያስደንቁናል። አንደኛው በ2007 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመው ነው፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ዘመዳቸው የሞተባቸው ሰዎች፣ ዘመዳቸው ከዳነላቸው ሰዎች ይልቅ ረክተው ተገኙ። ሁለተኛው በሲያትል ከተማ ሐኪሞችና ቤተ ሰቦች ያደረጓቸውን 51 ስብሰባዎች የመረመረው ነው። ከንግግሩ ጊዜ 71 በመቶውን የወሰዱት ሐኪሞቹ ሲሆኑ፣ ቤተ ሰቡ የተናገረው 29 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ቤተ ሰቡ ብዙ በተናገረበት ስብሰባ ግን እርካታው ከፍ ብሎ ታየ። ከዚህ የምንረዳው፣ የቤተ ሰብ እርካታ የመዳን ልኬት አለመሆኑን ነው። የሚሞት ሰው ቤተ ሰብ ምናልባት ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ያነጋገረው ሰው ይሆናል። የሚለካው መድኃኒቱ ሳይሆን መደመጡ ነው።

ታዲያ ይህን መጠይቅ ተርጉመን ብናድል ይበቃናልን? ከወዳጆቻችን አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቱን ያስታመመበትን ሆስፒታል ስም አንጠራም። ዘጠኝ ቀን ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ተቀመጠ። በዐሥረኛው ቀን እናቱ ወደ ተራው ክፍል ስትዛወር አንድ ወረቀት ተሰጠው፤ እርሱም «በጣም ጥሩ» በሚለው ሁሉ ላይ ምልክት አደረገ። ወደ ደጅ ስንወጣ ግን «ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ሰው ስሜን አልጠየቀኝም» አለን። ስለ ምን እንዲያ እንደ መለሰ ብንጠይቀው፣ «እናቴ እኮ ገና በእነርሱ እጅ ናት» ሲል መለሰልን።

በዚህ መልስ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። አንደኛ ፍርሃት አለ። ሁለተኛ ይሉኝታ አለ፤ የደከመን ነርስ በወረቀት መክሰስ ነውር ይመስለናል። ሦስተኛም «እንዴት ናችሁ?» ለተባለ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የመመለስ ልማድ አለ። ይህ ምስጋና ለፈጣሪ የቀረበ ሲሆን፣ ቆጣሪው ለሆስፒታሉ የቀረበ አድርጎ ይጽፈዋል። ከጥቂት የሚጠብቅ ሰውም በጥቂት ይረካል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር የበጎ ሥራ ምስክር ሳይሆን የተስፋ ማነስ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሌላም የከበደ ነገር አለ። መጠይቁ «እውነቱ ተነግሮሃልን?» ይላል። በእኛ ዘንድ ግን መርዶ እንደ ዋዛ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎሕ ሲቀድ ይነገራል። ሐኪሙ በኮሪደር ቆሞ ለአንዲት ልጅ የእናቷን ነገር ሲያፈርጥላት እውነትን ተናግሯል፤ ነገር ግን እውነትን ብቻዋን እንድትሸከም አድርጓታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ይህን ስንል ግን ልማዳችን ለውሸት መሸሸጊያ ይሁን ማለታችን አይደለም። የመርዶ ሥርዓት እውነቱን አይደብቅም፤ የሚሸከመውን ሰው ያበዛል እንጂ። ስለዚህ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ «ማን ቢሰማ ትወዳላችሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የሚሰማው ሰው በአጠገብ አለመኖሩም የዘመናችን ችግር ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ብዙዎች የዘመዳቸውን እጅ ሳይይዙ ተለዩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ካዛንቺስ ለልማት ሲነሣ፣ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደ። ቀድሞ በእግሩ ደርሶ የሚጠይቅ ጎረቤት ዛሬ ታክሲ ለውጦ ሲደርስ የመጠየቂያው ሰዓት ሊያልፍበት ይችላል። ይህን ሰው «በሰዓቱ አልመጣህም» ብሎ ከበር መመለስ ሕግን ማክበር ነው፤ አስታማሚነትን ማክበር ግን አይደለም።

«አልጋና መሣሪያ በማይበቃበት አገር ስለ እርካታ መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ኦክሲጅን የሌለው ክፍል በፈገግታ አይሠራምና። ነገር ግን ስም መጠየቅ፣ ቁጭ ብሎ መናገር፣ የነገውን ዛሬ ማስታወቅ የውጭ ምንዛሪ አይፈልጉም። ድሀ ሆስፒታል እነዚህን መንፈግ የለበትም፤ ሊሰጥ የሚችለው ነገር ጥቂት በሆነ መጠን ሊሰጥ በሚችለው ነገር ይበልጥ ይጠየቃል።

ስለዚህ እንለካ እንላለን፤ ነገር ግን በማስተዋል እንለካ። ጠያቂው የሕክምናው ሠራተኛ አይሁን። የሚጠየቀው ሰው በሽተኛው ወደ ቤቱ ከገባ፣ ሐዘንም ከሆነ ዐርባው ካለፈ በኋላ ይጠየቅ። «ረክተሃልን?» ከማለትም «ሐኪሙ ስንት ጊዜ አነጋገረህ? ያልገባህን ለመጠየቅ ጊዜ አገኘህን?» ይባል። ሰው ደስታውን ለመናገር ይሉኝታ ቢይዘው፣ የሆነውን ነገር ለመናገር አይቸገርም። ቁጥሩም ለሹመትና ለሽልማት መወዳደሪያ የሆነ እንደ ሆነ ወዲያው ይዋሻል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለታማሚ ብቻ አይደለም። «በጣም ጥሩ» የሚሉ ወረቀቶችን ሰብስቦ የሚደሰት መሥሪያ ቤትም በሽታውን የደበቀ ታማሚ ነው። ያ ወዳጃችን ያለ ፍርሃት የሚጽፍበት ቀን ሲመጣ ቁጥራችን ምናልባት ዝቅ ይል ይሆናል፤ ሕክምናችን ግን ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል።