በሦስተኛው ቀን ብረት

«እንግዳ የመጣ ዕለት ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ በሦስተኛው ቀን ብረት።» አነጋገሩ ከአገር አገር ትንሽ ይለያያል፤ ቁልቁለቱ ግን አንድ ነው። እንግዳ በሰነበተ ቁጥር ይረክሳል ይላል ተረቱ።

ተረቱን የወለደው ጎታ ይመስለኛል። እንግዳ የመጣ ዕለት እግሩ በለብታ ውሃ ይታጠባል፣ አጎዛ ይነጠፍለታል፣ ለበዓል የታሰበችው ዶሮ ትታረዳለች። በማግስቱ ሽሮው በቅቤ ይቀርባል። በሦስተኛው ቀን ጎታው ጎድሎ፣ በሬው ሳይጠመድ ውሎ፣ የእማወራዋ ክንድ ከወፍጮና ከምጣድ ዝሎ ይገኛል። ፍቅር አላለቀም፤ ያለቀው አቅም ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት ይህን ተረት ባለቤት በእንግዳ ፊት ሲተርት ሰምቼ አላውቅም፤ ነውር ነው። የሚተርተው ራሱ እንግዳው ነበር። «ምነው፣ ዛሬንም እደሩ እንጂ!» ሲሉት ጋቢውን እያጣፋ «ወርቅ ሳለሁ ልሂድ» ይላል። ተረቱ እንግዳ ራሱን የሚመዝንበት የጨዋነት ሚዛን ነው፦ ሸክም ሳትሆን ተነሥ።

ይህን ሚዛን ይዤ ብዙ አገር ዞሬያለሁ። አንድ ከተማ፣ አንድ ቀን፣ ጥቂት ፎቶግራፍ፣ ከዚያ ቀጣዩ ባቡር። ማንንም የማላስቸግር መንገደኛ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ባለፈው ግንቦት ማገባደጃ ከታላቅ እህቴ ጋር ወደ ቺንኩዌ ቴሬ ለእግር ጉዞ ስንሄድ ግን ሚዛኑ ተገለበጠብኝ።

ቺንኩዌ ቴሬ በጣሊያን ሰሜን ምዕራብ፣ በሊጉሪያ ጠረፍ፣ በገደልና በባሕር መካከል የተሰካኩ አምስት መንደሮች ናቸው፦ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ። የአምስቱ ነዋሪ ቢደመር 4,000 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው፤ በ1999 ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። ዛሬ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ጎብኚ ይመጣባቸዋል።

ወሩን የመረጥነው አስበንበት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነውና የእነርሱ የጸደይ ማብቂያ በእኛም ጸደይ ውስጥ ይወድቃል። የእኛ ገበሬ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ወቅት የእነርሱ ወይን ያብባል፤ ብርዱ አልፏል፣ ሐሩሩም ገና ነው። ለእግረኛ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ግን ይህን ያሰብነው እኛ ብቻ አልነበርንም። የመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ቬርናዛ ስንደርስ ከጣቢያው እስከ ባሕሩ ያለችው ጠባብ መንገድ በሰው ታፍናለች። ላ ስፔትሲያ ወደብ ላይ የቆመ የመዝናኛ መርከብ መንገደኞቹን በባቡር ይልካቸዋል፤ ከመንደር መንደር በዋሻ ውስጥ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሁሉም ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ይገባል፣ ከመምሸቱ በፊት ይወጣል። አይስክሬም የሸጠችልን ሴት ገንዘቡን ስትቀበል ቀና ብላ አላየችንም። አልፈረድኩባትም። ከእኛ በፊት ስንቱን ተቀብላለች፣ ከኋላችንም ስንት ቆሟል።

እዚያ ቆሜ ተረቱን አሰብኩ። የመጣነው ያን ዕለት ነበር፤ በተረቱ ሕግ ወርቅ ነበርን። የመንደሩ ሰው ግን የሚያየው ብረት ነው። ለምን?

ተረቱ አንድን እንግዳ በአንድ ቤት ነው የሚቆጥረው። ያን እንግዳ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ያከብደዋል። በቬርናዛ ግን እንግዳው በየቀኑ ይለወጣል፣ እንግድነቱ ግን ከቤት አይወጣም። ትናንት የመጣው ሄዷል፤ ዛሬ ሌላው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ደጃፍ፣ ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። መንደሩ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ቀን ላይ ነው፤ ሁለተኛ ቀን አያውቅም። ወርቅም በየቀኑ ቢከመር እንደማንኛውም ክምር ይጫናል። «ወርቅ ሳለሁ ልሂድ» ባይ ሁሉ በአንድ ሰዓት መጥቶ በአንድ ሰዓት ሲሄድ ጨዋነቱ ራሱ ሸክም ሆነ ማለት ነው። እኔም ለዓመታት የሄድኩት እንደዚሁ ነበር።

ማረፊያችን ኮርኒሊያ ነበር። ከአምስቱ ከባሕር ርቃ ከፍታ ላይ የተቀመጠች እርሷ ብቻ ናት፤ ከባቡር ጣቢያው ለመድረስ ከ370 በላይ ደረጃ ይወጣል። ያ ደረጃ ብዙውን ሰው ከታች ያስቀረዋል። ቤቱን ያከራዩን አዛውንት የመጀመሪያው ምሽት ቁልፍ ሰጥተውን ሄዱ። በማግስቱ ማታ ደጃፍ ላይ ሲያገኙን «ዛሬም አላችሁ?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ መገረም ነበረበት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና መንገድ ነገሩን፦ ትኬት የሚቆረጥበትን የባሕር ዳር መንገድ ትታችሁ ገና ሲነጋ በወይን እርሻው በኩል ወደ ቮላስትራ ውጡ፣ ከዚያ ወደ ማናሮላ ውረዱ። እያንዳንዱ መንደር በላዩ ኮረብታ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለው፤ የድሮ ሰው የሚመላለስበት የላይኛው መንገድ እነዚያን ያያይዛል። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም፤ ደብሩን ማየት ይበቃዋል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። አቀበቱ ያስለከልካል፤ ከዚያ ግን መንገዱ 300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ በወይኑ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ባሕሩ ከእግር በታች ነው። እስከ ቮላስትራ ሦስት ሰው ብቻ አገኘን። እህቴ ድንገት ቆም ብላ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች። «ይሄ እኮ የኮንሶ ካብ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ አፈሩን ይዞታል። የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን ጎርፍና ጭቃ ዋጣቸው። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ ካቡን የሚጠግን እጅ ጠፍቷል፤ ያልተጠገነ ካብ ይናዳል፣ የተናደው ዝናብ ሲመጣ መንደሩ ላይ ይወርዳል።

ፓርኩ የሚችለውን ያደርጋል። ሪዮማጆሬንና ማናሮላን የሚያገናኘው ዝነኛው «የፍቅር መንገድ» እ.ኤ.አ. በ2012 ድንጋይ ተንዶ ሰው ከጎዳ በኋላ ተዘግቶ፣ በ2024 ሲከፈት በሰዓት በተቆረጠ ትኬት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲኬድበት ሆኗል። የእንግዳን ቁጥር መመጠን ተገቢ ነው። ካቡን የሚያቆመው ግን ከማሳው የሚገኝ ኑሮ ነው። ለሦስት ሰዓት የመጣ ሰው ከባቡር ጣቢያው ብዙ አይርቅም። የሰነበተው የሰፈሩን ወይን ጠጅ ይጠጣል፣ እራቱን እዚያው ይበላል፣ ማሳው ድረስ ይወጣል።

ተረቱን ፈጽሜ ልሽረው ግን አልችልም። የእንግዳ አልጋ በበዛ ቁጥር የነዋሪ ቤት ያንሳል። እኛ ያደርንበትም ክፍል አንድ ጊዜ ልጆች ያደጉበት ነበር፤ አዛውንቱ ነግረውናል። እንግዳ ቤቱን ሁሉ ከያዘ አስተናጋጅ የሚሆን አይቀርም። የተረቱ ፍርሃት እዚህ ላይ እውነት ነው። መፍትሔውን በአገራችን ያየሁት በላሊበላ አካባቢ፣ በመቄት ነው። እዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው ለእግረኛ ጎጆ ሠርተው፣ ጥቂት እንግዳ ብቻ እየተቀበሉ፣ ገቢውን ለማኅበራቸው ያውሉ ነበር። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄድ፣ ያድር፣ ይበላ ነበር። ስንት እንግዳ እንደሚበቃ የሚወስነው ባለ ጎታው ነበር።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ረፋድ፣ ከማናሮላ ስንመለስ፣ አዛውንቱን ከቤታቸው በላይ ባለው ማሳ አገኘናቸው። ካባቸው በአንድ በኩል ተንዷል። ሳንጠየቅ ድንጋይ ማቀበል ጀመርን። የትኛው ከታች፣ የትኛው ለመሙያ እንደሚሆን በእጃቸው እያሳዩን እኩለ ቀን ሆነ፤ ከታች ቬርናዛ ያን ሰዓት ተጨናንቃ ነበር። የሠራነው ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ምሳ ጊዜ ግን ማሰሮአቸውን ይዘው መጥተው ከእኛ ጋር በሉ፤ ስማችንንም ያን ጊዜ ጠየቁን።

ወርቅ በሣጥን ይቀመጣል፤ ለዓይን ነው። ብረት ግን ማረሻ ነው፣ ማጭድ ነው፣ ዶማ ነው። ተረቱን የተረተው ገበሬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ቤቱ ያለ ወርቅ ይኖራል፣ ያለ ብረት ግን አያድርም። በገጠራችንም የሰነበተ እንግዳ ከመደቡ ተነሥቶ ሞፈር የሚይዝበት ቀን አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም «እንግዳው» አይለውም። አሁን ተረቱን ስሰማ ቁልቁለት አይታየኝም። በሦስተኛው ቀን ብረት መሆን ካልቀረ፣ ባለቤቱ በእጁ የሚይዘው ብረት መሆን እፈልጋለሁ።