ዕለትን ለብቻ ስለ መቍጠር

ሰው ለራሱ ብቻ የሚሆን የዘመን አቈጣጠር ሊያበጅ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ለጊዜው የጨዋታ ይመስላል፤ እኔም አስቀድሞ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

በደብራችን ከሚያገለግሉት ዲያቆናት አንዱ፥ በትምህርቱም የተመሰገነ ወጣት፥ አንድ ደብተር ይዞ መጣ። ዓመቱን በስምንት በስምንት ዕለት ከፍሎ፥ ለዕለታቱ አዲስ ስም አውጥቶ፥ ዘመኑንም ከተወለደበት ቀን አንሥቶ መቍጠሩን አሳየኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው «የኔታ፥ ጳጕሜን ሳትገባ 360 ዕለት ለሰባት ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ለስምንት ሲካፈል ግን 45 ሆኖ ምንም አይተርፍም» አለኝ። ስሌቱ እውነት ነው። ልጁም ቍጥር የሚወድ ነው እንጂ ትዕቢተኛ አይደለም።

ቍጥርን መውደድ ኃጢአት አይደለም። ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩት ለምልክትና ለዘመን ነውና፥ የሚቈጥር ሰው የፈጣሪውን ሥራ ይመረምራል። አባቶቻችንም ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈው፥ ከቀሪው አንድ አንሥተው ወንበርን ያገኛሉ፤ ወንበሩን በ11 አባዝተው አበቅቴን፥ በ19 አባዝተው መጥቅዕን፥ ሠላሳ ሠላሳውን እየገደፉ ያወጣሉ። ሁለቱም ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ልጁ በደብተሩ ስለ ምን ደስ እንዳለው አይጠፋውም።

ነገር ግን «ቅዱስ ድሜጥሮስም ሰው ነበረ፤ ለእርሱ የተገባ ለዚህ ወጣት ስለ ምን አይገባም?» የሚል ቢኖር መልሱ በዓላማው ይገኛል። ቅዱስ ድሜጥሮስ የደከመው የነነዌና የዐቢይ ጾም መግቢያ ከሰኞ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ትንሣኤ ከእሑድ፥ ዕርገትም ከሐሙስ እንዳይወጡ፥ ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን ጾመው በአንድ ቀን እንዲፈስኩ ነው። ሒሳቡ ሰውን ለመሰብሰብ ነበረ እንጂ አንዱን ከሌላው ለመለየት አልነበረም።

ዕለትን መለወጥ ምን እንደሚያመጣ ዓለምም ፈትኖ አይቶታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1793 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮት መሪዎች አዲስ አቈጣጠር አወጁ። ወሩ እንደ እኛ 30 ቀን፥ በዓመቱም መጨረሻ እንደ ጳጕሜን 5 ወይም 6 ቀን ነበረው፤ ሳምንትን ግን ሽረው ዐሥር ዐሥር ቀን አደረጉት። ይህም በ1806 ዓ.ም. መባቻ በናፖሌዎን ትእዛዝ ቀረ። ደግሞ በ1929 ዓ.ም. የሶቪየት መንግሥት ሳምንቱን አምስት ቀን አድርጎ ሠራተኞቹን በአምስት ክፍል ለያቸው፤ ለእያንዳንዱም ክፍል የተለየ የዕረፍት ቀን ሰጠ። ዕረፍቱ በቍጥር በዛ፤ ነገር ግን ባል ሲያርፍ ሚስት በሥራ ላይ የምትሆንበት ጊዜ መጣ። በኋላ ስድስት ቀን አድርገው ሞከሩት፤ በ1940 ዓ.ም. ግን ወደ ሰባቱ ተመለሱ። እንግዲህ ለሰው የሚያስፈልገው ዕረፍት ብቻ ሳይሆን አብሮ ማረፍም እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። እናቱ ባላቸው ከሞተ ወዲህ በሌላ ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እሑድ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ቡና አፍልተው ይጠብቁታል። እርሱ ግን እሑድ ቀድሶ ሲወጣ በደብተሩ የሥራ ቀን ነውና ወደ ሥራው ይሄዳል፤ እናቱን የሚጐበኘው በራሱ የዕረፍት ቀን ነው። ይህም ቀን አንድ ጊዜ በእሑድ ቢውል፥ ቀጥሎ በሰኞ፥ ከዚያም በማክሰኞ ይውላል፤ ወደ እሑድ የሚመለስ በ56ኛው ቀን ነው። ረቡዕ ሲመጣ እናቱ በጾም ላይ ናቸው፤ ቅዳሜ ሲመጣ ገበያ ወርደዋል።

«እናትህ አቈጣጠርህን ያውቁታልን?» አልሁት።

«አልነገርኋቸውም» አለ።

«እንግዲያስ ሰባት እሑድ ሙሉ ሲኒህን አቅርበው በር በሩን ያያሉ» ብለው ዐንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ደብተርህን አቃጥል አላልሁትም፤ የማሰብ ስጦታው የእግዚአብሔር ነውና። ወደ ባሕረ ሐሳብ ጉባኤ እንዲገባና እሑዱን ግን ለእናቱ እንዲመልስ መከርሁት።

እርሱን ከሸኘሁ በኋላ ግን ምክሩ ወደ ራሴ ተመለሰ። ልጁ አቈጣጠሩን በደብተር ጽፎ አሳየኝ፤ እኛ ካህናት ግን ሳንጽፍ የምንይዘው የየራሳችን አቈጣጠር አለን። በሽተኛው ዛሬ ይጠብቀናል፤ እኛ «ሲመቸን» በምትባል፥ በየትኛውም ወር በማትገኝ ቀን እንቀጥረዋለን። ይህች ቀን ከስምንተኛይቱ ዕለት ትከፋለች፤ ስምንተኛይቱ በ56 ቀን አንድ ጊዜ ከእሑድ ጋር ትገናኛለችና።

ስለዚህ ወንድሞቼ፥ ዘመን የተሰጠን ባልንጀራችን በሚጠብቀን ቀን እንድንገኝበት መሆኑን አንርሳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።