ከስላይጎ ታች ያለው ጎረቤታችን

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አባታችሁ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ፓርኪንግ ላይ ሲያጥብ ሳሙናው የት ይሄዳል? ብዙዎቻችሁ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ትላላችሁ። ወደ ማጣሪያ የሚሄደው የመታጠቢያና የመጸዳጃ ቤቱ ውሃ ነው። አስፋልቱ ዳር ያለው የዝናብ መውረጃ ሌላ ቱቦ አለው፤ እሱም ባብዛኛው ሳይጣራ ቅርብ ወዳለው ጅረት ይከፈታል። ስለዚህ ሳሙናው፣ ከሞተር የተንጠባጠበው ዘይት፣ በረዶ ሲጥል የሚበተነው ጨው ስላይጎ ክሪክ ይገባል። ስላይጎ ወደ ኖርዝዌስት ብራንች፣ እሱ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ዲሲን አልፎ ወደ ፖቶማክ ይፈስሳል። ፖቶማክ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሲወርድ በአሌክሳንድሪያ በኩል ያልፋል። አክስታችሁ በዒድ ቀን ልጆቿን ይዛ የምትንሸራሸርበት የኦልድ ታውን ዳርቻ ላይ የሚደርሰው ውሃ ከእናንተ ሰፈር የወረደው አለበት ማለት ነው።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ዝናቡ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበትን መሬት ሁሉ ተፋሰስ እንለዋለን። የቼሳፒክ ተፋሰስ 64,000 ስኩዌር ማይል ያህል ነው፤ ስድስት ስቴቶችንና ዲሲን ይነካል፣ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። ወላጆቻችሁ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጆች ከሆኑ ስለ ቦርከና ጠይቋቸው። ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ወሎ ላይ የተጣለ ቆሻሻ የሚደርሰው አፋር ከብቱን የሚያጠጣው ወንድማችን ዘንድ ነው።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) እና አንድ የአንሷር ሰው መዲና አጠገብ በሐርራ የውሃ ቦይ ተካሰሱ። የዙበይር የተምር እርሻ ከላይ ነው፤ የታችኛው ሰው ውሃው ሳይታገድ እንዲያልፍለት ፈለገ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዙበይር አጠጥቶ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቅ ነገሩት። ሰውየው ዙበይር የአክስታቸው ልጅ ስለሆነ ያዳሉለት አስመስሎ ሲናገር ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ለዙበይር ሙሉ ሐቁን ሰጡት፣ ውሃው እስከ ግድቡ እስኪደርስ እንዲይዝ። የመጀመሪያው ፍርዳቸው ለታችኛው ሰው የራራ ነበር። ዙበይር ራሱ ከሱረቱ ኒሳእ 65ኛው አንቀጽ የወረደው በዚህ ጉዳይ ይመስለኛል ብሏል።

እኔ ዓሊም አይደለሁም፣ ፈትዋም አልሰጥም። ግን ይህን ሐዲስ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው የላይኛውንና የታችኛውን ሰው ነው። በዚያ ክርክር ጉዳዩ የውሃው መጠን ነበር። ስለ ንጽሕናው ደግሞ አቡ ዳውድ የዘገቡት አለ፤ ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት ቦታ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ተደርጎ ተከልክሏል። የኛ ሰፈር ሰው ከላይ ነው። ለጎረቤታችን ምን እየለቀቅን ነው?

ይህን ትምህርት ቤቶቻችን በራሳቸው መንገድ ያስተምራሉ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 የአካባቢ ትምህርትን ለሃይስኩል ምረቃ ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። በ2014ቱ የቼሳፒክ ስምምነት ደግሞ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዲሲም ተማሪዎች በኤለመንታሪ፣ በሚድልና በሃይስኩል ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ከክፍል ወጥተው ስለ ተፋሰሳቸው እንዲማሩ ግብ አድርገዋል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የስድስተኛ ክፍል ልጆች እንደ ስሚዝ ሴንተር ባሉ ቦታዎች አድረው የሚማሩበት ፕሮግራም ለረጅም ዓመታት የቆየ ነው።

ነገሩ ከኛ ቤት ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ለእናታችሁ የምታነቡላት እናንተ ታላላቆቹ ናችሁ። "ማደር" የሚለው ቃል ላይ ስትደርሱ ወሬው ያልቃል። ጓደኞቹ ሲሄዱ እሱ ሌላ ክፍል ተቀምጦ ወረቀት ሲሞላ የዋለ ልጅ አውቃለሁ። የእናታችሁ ስጋት ግን የሚናቅ አይደለም፣ አትሳቁባት። ይልቅ አስቀድማችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁላት፤ ሴትና ወንድ የሚያድሩት ተለይተው ነው ወይ፣ ምግቡ ሐላል ካልሆነ ከቤት መያዝ ይቻላል ወይ፣ ሶላት የሚሰገድበት ቦታና ሰዓት አለ ወይ፣ ወላጅ አብሮ መሄድ ይችላል ወይ። መልሱን በአማርኛ፣ እሷ በሚገባት መንገድ ንገሯት። ካላመነች ቀን ቀን ብቻ ይሳተፍ ብላችሁ ጠይቁ።

እኛም ከቅዳሜ የቁርኣን ትምህርት በኋላ ጥቂት ልጆች ይዘን ስላይጎ ወርደናል። ድንጋይ ገልብጠው ከሥሩ የተጣበቁትን ነፍሳት ይቆጥራሉ። የሜይፍላይና የስቶንፍላይ እጭ ከተገኘ ውሃው ደህና ነው፤ እነሱ ቆሻሻ አይችሉም። ትላትል ብቻ ከሆነ ጅረቱ ታሟል። አንዱ ልጅ በዚህ ውሃ ውዱእ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ኡስታዛችን ፊቅሁን አስረዱት፤ ውሃ በነጃሳ ምክንያት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ ጦሃራ አይሆንበትም። እኔ ደግሞ ባክቴሪያ በዓይን እንደማይታይ ጨመርኩለት፣ ቀምሶ ሊፈትሽ ጎንበስ ብሎ ነበርና።

አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ሆልምስ ራን ወይም ፎር ማይል ራን ላይ ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። የኦልድ ታውን አሮጌ ቱቦዎች የዝናቡንና የመጸዳጃውን ውሃ አብረው የሚወስዱ ስለሆኑ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ሞልተው ወደ ወንዝ ሲለቁ ኖረዋል። ለዚህ ነው ከ2017ቱ የቨርጂኒያ ሕግ በኋላ ትልቅ ዋሻ ከመሬት በታች የተቆፈረው፤ የዚህ ሥራ ታሪክ ለሃይስኩል ልጆች ጥሩ ትምህርት ነው።

ለመውጣት ካሰባችሁ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ቦቲ ጫማ፣ ነጭ ትሪና ማጉያ መነጽር ያዙ። ለአራት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይኑር፤ ቁስል ያለበት ልጅ ውሃ ውስጥ አይግባ፣ ሁሉም ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ዙህር እንዳያመልጣችሁ ንጹሕ ውሃ በጀሪካንና ምንጣፍ ይዛችሁ ውረዱ።