በጊዜ ላይ የሚላከክ ጥፋት

ወደ አትባራ የሚጓዝ ፎቶግራፍ አንሺ ይዞት የሚመለሰው ሥዕል አስቀድሞ ይታወቃል፤ ቀለሙ የተላጠ ሎኮሞቲቭ፣ መስኮቱ የረገፈ ፉርጎ፣ ግማሹን አሸዋ የዋጠው ሐዲድ፣ የፀሐይ መጥለቂያ ብርሃን። ሰው የለም። ሥዕሉ ያምራል፤ ያየው ሁሉ «ጊዜ የጣለው!» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። ከንፈር መምጠጥ ደግሞ ሐዘን ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። የቆመን ባቡር፣ የተዘጋን ፋብሪካ፣ የፈረሰን የጥገና ክፍል አስውቦ ማንሳት እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሌለበት ሐዘን ሲያበዛ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ምን ይፈይድለታል?

አትባራ ከካርቱም በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምድር ባቡር ከተማ ናት። ስሟን የሰጣት ወንዝ ከጎንደር አካባቢ ተነሥቶ፣ በመንገዱ ተከዜን ተቀብሎ፣ እዚያው ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ነውና ለሐበሻ አንባቢ ፍጹም ባዕድ አገር አይደለችም። እንግሊዞች በ1906 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሱዳን ምድር ባቡርን ዋና መሥሪያ ቤት ከዋዲ ሐልፋ ወደዚያ ካዛወሩ በኋላ ከተማዋ ከባቡሩ ጋር አደገች። ሱዳኖች «የብረትና የእሳት ከተማ» ይሏታል። የአገሪቱ የሠራተኛ ንቅናቄም ጎልቶ የወጣው ከዚህ ነው፤ የባቡር ሠራተኞቹ በ1946 ማኅበራቸውን አቋቁመው በ1947ና በ1948 ባደረጓቸው አድማዎች ቅኝ ገዥው አስተዳደር የሠራተኛ ማኅበራትን በሕግ እንዲያውቅ አስገድደውታል።

ታዲያ ይህችን ከተማ የጣላት ጊዜ ነው? ብረት በጊዜ ብዛት ይዝጋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ግራሶ የሚቀባ እጅ እስካለ ድረስ አንድ ማሽን ስንት አሥርት ዓመት እንደሚያገለግል የባቡር ሠራተኛ ጠንቅቆ ያውቃል። በአትባራ ያ እጅ እንዲነሣ የተደረገው በውሳኔ ነው። ኒሜሪ የሠራተኛውን ማኅበር ጉልበት ለመስበር ቆርጦ ተነሣ፤ በ1981 አድማ ሲመታ ማኅበሩን አፈረሰው። ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ የበሺር አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ የባቡር ሠራተኞችን አሰናበተ። ከ1997 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕቀብ መጣና መለዋወጫ ዕቃ ማግኘት ከባድ ሆነ። እያንዳንዱን ነገር የወሰነ ሰው፣ የፈረመ ሰው አለ። ፎቶግራፉ ላይ ግን አንዱም አይታይም፤ ዝገት ፊርማ የለበትም።

አማርኛ «ገበና» የሚል ብርቱ ቃል አለው። የቤት ችግር፣ የዕቃ መጉደል፣ የግድግዳ መሰንጠቅ ሁሉ ገበና ነው፤ እንግዳ ካየው ባለቤቱ ያፍራል። የፈረሰ የኢንዱስትሪ ከተማ ሥዕል አደባባይ ሲወጣ የሚያፍረው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ የነገሩ መጥመም ይገለጣል። የሚያፍረው ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ የታየበት ነዋሪ ነው። ደመወዙን ያስቀረው ሰው ግን ሥዕሉን በኤግዚቢሽን ላይ ቢያየው እንኳ እንደማንኛውም ተመልካች ከንፈሩን መጦ ያልፋል። ገበናው የተገለጠበትና ጥፋቱ ያለበት ሰው ለየቅል ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ሥዕል በዓለም ላይ ስሙ የገነነው በአሜሪካዋ ዲትሮይት ነው። በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ በ2020 ቆጠራ 640 ሺህ እንኳ አልሞላችም። በቺሊ የተወለደው ፎቶግራፍ አንሺ ካሚሎ ሆሴ ቬርጋራ በ1995 በመሐል ከተማው ባዷቸውን የቀሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ልክ እንደ አቴናው አክሮፖሊስ በፍርስራሽነታቸው ተጠብቀው ይቆዩ የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች ተቆጡ። ቁጣቸው አይፈረድበትም፤ ልጆቹን በሙዚየም ውስጥ ማሳደግ የሚሻ ወላጅ የለም። ዳሩ ግን ይኸው ሰው የድሆች ሰፈር የመንገድ ማዕዘኖችን በየጥቂት ዓመቱ እየተመላለሰ፣ ከዚያው ቦታ ቆሞ፣ ለአሥርት ዓመታት ሲያነሣ ኖሯል። አንድ ቤት መጀመሪያ ሰው ሲኖርበት፣ ቆይቶ መስኮቱ በጣውላ ተመትቶ፣ ከዚያም ባዶ መሬት ሆኖ ሲታይ፣ ተመልካቹ በሁለት ሥዕሎች መካከል ምን ሆነ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ2010 ስለ ዲትሮይት ፍርስራሾች የታተመው የፈረንሳውያኑ የኢቭ ማርሻንና የሮማን ሜፍር ግዙፍ መጽሐፍ በውበቱ ይልቃል፤ በውስጡ የታሪክ ጽሑፍም አለበት። ነገር ግን ሥዕሎቹ በራሳቸው የሚናገሩት ፍጻሜውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለፎቶግራፍ አንሺው ጥብቅና የሚቆም ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። አንደኛው፣ ፎቶግራፍ ባይነሣ ኖሮ ማን ያስታውስ ነበር የሚል ነው። ፋብሪካ የዘጋ ባለሥልጣን ከሥዕል ይልቅ ዝምታን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው፤ ያልተነሣ ፍርስራሽ ሌሊት ተጠርጎ በማግስቱ እንዳልነበረ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ውበት ዓይንን ያስቆማል የሚል ነው፤ የማያምር ሥዕል ማንም ቆሞ አያይም፤ ያላየውንም አይጠይቅም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን ዓይንን ማስቆም አንድ ነገር ነው፤ ካስቆሙት በኋላ ምን ያሳዩታል የሚለው ሌላ ነው።

አንድ ሰው ደግሞ «የፋሲል ግንብስ ፍርስራሽ አይደለም ወይ? እርሱን ማንሳት ነውር ያልሆነው ስለምንድን ነው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ደግ ነው። የፋሲል ግንብን ለሠራ ግንበኛ ዛሬ ጡረታው የቀረበት ልጅ የለውም፤ ዕዳው ተዘግቷል። ሆኖም እዚያም ቢሆን ጊዜ ያልሠራው ሥራ ተለጥፎበታል። ጎንደርን በ1888 ከሱዳን የመጣው የመሐዲስቶች ጦር አቃጥሏታል፤ የጣሊያን ጦር ግቢውን መምሪያ አድርጎት ሳለም በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደብድበውታል። ጎብኚው «የዘመናት አሻራ» እያለ የሚያነሣው ስንጥቅ ምናልባት የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል።

ከጎንደር ይልቅ ለአትባራ የምትቀርበው ድሬዳዋ ናት፤ እርሷንም የወለዳት ባቡር ነውና። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ እዚያ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመረቅ ሰፋ ባለ ሐዲድ፣ ከከተማው ውጭ በተሠራ ጣቢያ ሆነ፤ የአንድ ሜትሩ አሮጌ ሐዲድ፣ ጣቢያውና የጥገና ክፍሎቹ በከተማው መካከል ቀሩ። እነዚያን ክፍሎች ለጎብኚ ያሳዩ የነበሩት ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ነባር ሠራተኞች ነበሩ። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ እዚያ ገብቶ ቶርኖው አጠገብ የቆሙትን ሽማግሌ «አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» ሲላቸው ይታሰብ። በትሕትና ነው የሚላቸው። ሽማግሌው ዞር ይላሉ፤ ቶርኖው ብቻውን ይቀራል፤ ያኔ ሥዕሉ ሰው ከጠፋ መቶ ዓመት የሆነው ይመስላል። እርሳቸው ግን ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመዋል። ያ ቶርኖ ስንት የባቡር ጎማ እንደላገ፣ በየትኛው ዓመት ምኑ እንደተሰበረ፣ መለዋወጫው ተጠይቆ ማን እንዳልላከው ያውቃሉ። ካሜራው ውሸት አልተናገረም፤ ምስክሩን ከችሎት አስወጣ እንጂ። ሽማግሌው ራሳቸው መነሣት ባይፈልጉ ሌላ ነገር ነው፤ ወይም ንጹሕ ልብስ ለብሰው ልምጣ ቢሉ። ቢያንስ ይጠየቁ።

አትባራ የራሷን መልስ የሰጠችው በድንገት ነበር። ዲሴምበር 19 ቀን 2018 የዳቦ ዋጋ ያስቆጣው ሕዝብ በዚያች ከተማ አደባባይ ወጣ፤ ከአራት ወራት በኋላ፣ በሺር ከሥልጣን በተነሣ በሁለተኛው ሳምንት፣ አፕሪል 23 ቀን 2019 ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው የተሸከመ ባቡር ከአትባራ ተነሥቶ ካርቱም ገባ። ያን ዕለት የተነሡት ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ባቡር ያው ያረጀው ባቡር ነው። ሰው ሲሞላበት ግን «ጊዜ የጣለው» ለማለት የደፈረ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የፍርስራሽ ሥዕል ጥያቄ የካርቱም ነዋሪ የገዛ ቤቱ ጥያቄ ሆኗል። አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት ከፈነዳ በኋላ የባሕሪ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉም፤ ሰፈሮች ባዶ ሆኑ። ሠራዊቱ በማርች 2025 መዲናዋን መልሶ ሲይዝ ከአል-ጣኢፍ፣ ከደይም፣ ከጅረይፍ የተሰደደው ሱዳናዊም ሐበሻም በየደረሰበት አገር ሆኖ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተከለ። ቀድሞ የተመለሰ ጎረቤት በተከፈተው በር ገብቶ ሳሎኑን፣ ማድቤቱን፣ የተገለበጠውን ቁም ሣጥን አንሥቶ ለባለቤቱ ቢልክለት ገበና ገለጠ አይባልም፤ የባለቤቱን ንብረት ለባለቤቱ አሳየ እንጂ። ያንኑ ሥዕል «የካርቱም ዕጣ» ብሎ ላገኘው ሁሉ ቢበትነው ግን ነገሩ ይለወጣል። ሥዕሉ አንድ ነው፤ የተነሣው ለማን እንደሆነ ግን አንድ አይደለም።

በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ ከማብሪያ ማጥፊያው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ ጣሪያው የሚወጣ፣ ልስኑ የተፈነቀለበት መስመር። ካርቱምን የማያውቅ ተመልካች እርጅና ብሎ ያልፈዋል። መዳቡን ለመሸጥ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከግድግዳ ውስጥ እየተጎተተ የወጣበት ነው። ሥዕሉ የደረሰው ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ በጣቶቹ አስፍቶ የሚያየውም ይህንኑ መስመር ነው፤ ከየት ጀምረው የት እንዳቆሙ፣ ያልደረሱበት ክፍል ይኖር እንደሆነ።