ፖሊስ በዕረፍቱ ሰዓት የማን ነው?

በአማርኛችን «ዘበኛ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያቅፋል። የንጉሡን ቤተ መንግሥት የሚጠብቀው ወታደር ክብር ዘበኛ ይባል ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን ገበያ ሥርዓት የሚያስከብረው የአራዳ ዘበኛ ይባል ነበር፤ በአንድ ባለጸጋ ደጃፍ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ የሚያድረው ሽማግሌም ዘበኛ ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ሦስቱ ሰዎች የሚጠብቁት ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ዙፋንን፣ ሁለተኛው ሕዝብን፣ ሦስተኛው የአንድ ሰው ንብረት ይጠብቃል። አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ ልጽፍልህ ያሰብሁት ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ስለሚሆነው ነገር ነው። ይኸውም፣ ቀን የሕዝብ ፖሊስ ሆኖ የዋለ ሰው ሌሊት በገንዘብ ተቀጥሮ የአንድ ነጋዴ ዘበኛ ሆኖ ቢያድር ተገቢ ነውን? የሚል ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሰዎች ፈጥነው የሚሰጡት መልስ፣ «ሰው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የራሱ ጌታ ነው» የሚል ነው። መልሱ እውነት አለበት። አንድ ፖሊስ በዕረፍቱ ቀን በጓሮው ድንች ቢተክል፣ ቀፎ ቢሰቅል፣ የጎረቤቱን ልጅ ሒሳብ ቢያስጠና ማን ይከሰዋል? እንዲያውም ሊመሰገን ይገባዋል። ለልጆቹ እንጀራ የሚያበዛ ሰው ነውና። የሚሸጠው የክንዱን ጉልበትና የአእምሮውን ዕውቀት ነው፤ ሁለቱም የራሱ ናቸው።

የጥበቃው ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ነጋዴው ጉልበት ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ከገበያ ውስጥ ጠንካራ ጎረምሳ ባነሰ ዋጋ ያገኝ ነበር። ፖሊሱን የሚመርጠው ሌባው ፖሊስ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ቢይዝ የመያዝ ሥልጣን ስላለው፣ ጣቢያ ቢደውል ስሙን ስለሚለዩት ነው። እንግዲህ በዚያ ሌሊት ለገበያ የቀረበው የሰውዬው ክንድ ሳይሆን ስሙ፣ ሥልጣኑና የሚያስፈራው ጥላው ነው። እነዚህ ደግሞ ከሕዝብ በአደራ የተሰጡት እንጂ የእርሱ ሀብት አይደሉም።

ነጋዴውንም ክፉ ሰው አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጊምቢ፣ የበደሌና የቡሬ መንገዶች የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ናት። በቡና ወራት ጀንፈሉ ከየገጠሩ በአህያና በመኪና ይገባል፤ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ድካም በአንድ መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ያድራል። ደግሞም የኖርንበት ዘመን ጸጥ ያለ ዘመን አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር በምዕራብና በቄለም ወለጋ በርካታ የባንክ ቅርንጫፎች በታጠቁ ሰዎች እንደ ተዘረፉ የሚያስታውስ ሰው፣ ነጋዴው ስለ ምን እንቅልፍ እንዳጣ አይጠይቅም። ንብረቱን ማስጠበቅ መብቱ ነው፤ ለዚሁ ሥራ የተቋቋሙ የጥበቃ ድርጅቶችም አሉ። ጥያቄው የሕዝቡን ፖሊስ ለብቻው ሊቀጥር ይችላልን? ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከወለጋ ከተሞች በአንዲቱ በፖሊስነት ያገለግላል። ስሙንም ከተማውንም አልጠራም። በአንድ የበዓል ሰሞን ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና ስንጠጣ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና ይፍረዱኝ» አለ። በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ከተራው ውጭ፣ የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ይጠብቅ ነበር። ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ከመጋዘኑ በታች ካለው ሰፈር ኡኡታ ተነሣ። ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ላም ከበረት ተፈትታ ስትነዳ ኖሯል። ቢሮጥ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ ነው። ተነሣ፤ እስከ ግቢው በር ሄደ፤ ከዚያም ቆመ።

«ጋሼ፣ ምናልባት ኡኡታው እኔን ከመጋዘኑ ለማራቅ የተደረገ ዘዴ ይሆን ብዬ አሰብሁ። ጀንፈሉ ቢወሰድ ነጋዴው የሚጠይቀው እኔን ነው። ላሚቱ ብትወሰድ ግን እኔን የሚጠይቅ የለም፤ ተረኛ አልነበርሁማ።»

ላሚቱ አልተገኘችም። በማግሥቱ ጧት ተረኛ ሆኖ ጣቢያ ሲገባ ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ አገኛት፤ ቃሏን የተቀበለውና የጻፈውም እርሱ ራሱ ነበር።

«ልጄ፣ በዚያ ሌሊት በመጋዘኑ ሳይሆን በቤትህ ተኝተህ ኡኡታውን ብትሰማ ምን ታደርግ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት ቆይቶ፣ «እሮጥ ነበር» አለኝ።

አንባቢዬ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ይመስለኛል። «የዕረፍት ሰዓቱ የራሱ ነው» ስንል የዕረፍቱ ሰዓት ባዶ ዕቃ ይመስለናል፤ ማንም የፈለገውን ሊሞላበት የሚችል። ነገር ግን የፖሊስ ዕረፍት ባዶ አይደለም፤ ጎረቤቱ ሲጮኽ ብድግ የሚልበት ድርሻ በውስጡ አለ። በአገራችን ልማድ ኡኡታ የሰማ ተራ ሰው እንኳ ዱላውን አንሥቶ ይወጣል፤ ፖሊስማ እንዴት! ነጋዴው የገዛው ያንን ነው። የልጁን እንቅልፍ አልገዛም፤ ሩጫውን ገዛ። ሳያውቅም ከአንዲት መበለት ላይ ገዛው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአባቶች ተረት ሰውን ለመስደብ የተነገረ አይመስለኝም፤ ማንም ቢሆን የሚያበላውን ደጅ ከሌላው ደጅ አስበልጦ እንደሚያይ ለማስታወስ ነው።

እዚህ ላይ ሕግ አዋቂ ሰው ተነሥቶ፣ «ጉቦ አልበላ፣ ማንንም አልበደለ፣ ቆሞ አደረ እንጂ ምን አደረገ?» ይል ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ጉቦን፣ በሥልጣን ያላግባብ መገልገልንና እነዚህን የመሳሰሉትን ወንጀል ያደርጋል። ነገር ግን የወንጀል ሕግ የሚይዘው የሠራውን ሰው ነው፤ በበር ላይ ቆሞ የቀረውን ሰው በቀላሉ አይዘውም። ስለዚህ ነው ከወንጀል ሕግ በፊት የሥነ ምግባር ደንብ የሚያስፈልገው፤ ደንብ ሰውን እንዲህ ካለው በር ላይ አስቀድሞ ያርቀዋልና።

ነገሩ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ወንጀለኛ የሚፈለግባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንዱ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይመካከራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ይከፍላል፣ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ በወገቡ ገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አፈርሳታው ጉድለት ነበረው፤ ገበሬውን ከእርሻው እያስፈታ ያደክመው ነበር። ነገር ግን ድካሙ የጋራ፣ ፍለጋውም የጋራ ነበር። ሌባ ሻዩ ግን ለከፋዩ የሚሮጥ ነበር፤ ከፋዩን ሳያስደስት ቢመለስ ነገ ማን ይጠራዋል? ኋላ በመንግሥት ትእዛዝ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጥቶ አንድ የፖሊስ ሠራዊት ሲቋቋም፣ የተገኘው ጥቅም የደንብ ልብሱ ብቻ አልነበረም፤ የተበደለ ሁሉ ከፋይ ቢሆንም ባይሆንም የሚጮኽበት አንድ በር ተገኘ።

እኔ መምህር ስለ ነበርሁ ከራሳችን ሙያ ምሳሌ ላምጣ። መምህር በማታ ልጆች ቢያስጠና ነውር የለበትም። ነገር ግን በቀን የሚያስተምራቸውን የራሱን ተማሪዎች በማታ በገንዘብ የሚያስጠና መምህር ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ፈተና ይገጥመዋል፤ በክፍል ውስጥ ሊገልጸው ይችል የነበረውን ነገር ለማታው ያስቀረዋል። ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ማታ የሚሸጥ ዕቃ ያለው ሰው ቀን በነጻ ለመስጠት እጁ ይከብደዋል። የሚጎዳውም የማታውን ከፍሎ ያልመጣው የድኻ ልጅ ነው፤ ያውም መጎዳቱን ሳያውቅ። ፖሊሱም እንዲሁ ነው። የመጋዘኑ ሰፈር ቀን በደንብ ቢጠበቅ ማታ ማን ይቀጥረዋል?

ድካሙንም ማለፍ አይገባም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ጧት ጣቢያ ሲገባ ዐይኑ ቀልቶ፣ ቁጣው ቀርቦ ነው። የሰው ቃል የሚቀበልና መሣሪያ የሚይዝ ሰው እንቅልፍ ማጣቱ የግል ጉዳዩ ብቻ አይደለም።

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ በደቡብ ዌልስ የአንድ ማዕድን ባለቤቶች ፖሊሶች በግቢያቸው ውስጥ እንዲያድሩላቸው ጠየቁ። የፖሊሱ አዛዥ ተዘዋዋሪ ጥበቃ ይበቃል ብሎ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን እንከፍላለን ብለው ፈረሙ። ኋላ 2,200 ፓውንድ ያህል ሲጠየቁ፣ «መጠበቅ የፖሊስ ግዴታ ነው፤ ለግዴታ አንከፍልም» አሉ። ክርክሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ይክፈሉ ብለው ፈረዱ። የፍርዱ ሐሳብ፣ ለሕዝብ ጸጥታ የሚያስፈልገው ጥበቃ አይሸጥም፤ ከዚያ በላይ በልዩ የተጠየቀው ግን ዋጋ ሊጠየቅበት ይችላል የሚል ነው። እኔን የበለጠ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ገንዘቡ የተጠየቀው ለግዛቱ ምክር ቤት እንጂ ለፖሊሶቹ ኪስ አልነበረም። ማን መቆም እንዳለበት፣ የትስ እንደሚቆም የሚያዝዘው አዛዡ ነበር።

በአሜሪካ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ደግሞ ተቃራኒውን አየች። በዚያ ፖሊሶች ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ለመጠጥ ቤትና ለሱቅ ራሳቸው እየተዋዋሉ ይጠብቁ ነበር። ሥራውን የሚያከፋፍለው አንዳንድ ጊዜ የበታች ፖሊስ ሆኖ፣ አለቃው ለትርፍ ገቢው የበታቹን ደጅ ይጠና ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለው አለቃ በማግሥቱ ያንን የበታቹን እንዴት ይቈጣዋል? እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የከተማውን ፖሊስ መርምሮ ባወጣው ዘገባ ይህን አሠራር የሙስና ዋና የደም ሥር እስከ መባል አደረሰው። ኋላም ከተማው ይህን ሥራ ከፖሊሶቹ እጅ አውጥቶ የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቋመ።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ስለ እኛ ከተሞች የማስበው እንዲህ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 የክልሉን ፖሊስ ማደራጀትና መምራት የክልሉ ሥልጣን አድርጎታል፤ ስለዚህ ደንቡ ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። ፖሊስ በዕረፍቱ ቀን ያርስ፣ ይነግድ፣ ያስጠና፤ ነገር ግን በሚያገለግልበት ከተማ ለግለሰብ ዘብ አይቁም። የመንግሥት ልብስና መሣሪያ ለብሶና ይዞ መቆም ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ያለ ልብሱ መቆምም ማታለያ ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ማን ማንን አያውቅም? የቡና ነጋዴዎች በወራቱ ተጨማሪ ጥበቃ ከፈለጉ ተሰብስበው ለከተማው አስተዳደር ይክፈሉ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ አዛዡ ፖሊሶችን ይመድብ፤ ለተመደቡትም የትርፍ ሰዓት ክፍያ በመዝገብ ይከፈል። በመንግሥት ሆስፒታሎች ሐኪሞች ከሥራ ሰዓት ውጭ በዚያው ግቢ፣ በታወቀ ዋጋ የሚሠሩበት ፕራይቬት ዊንግ የሚባለው አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዋናው ነገር ግን ዘቡ መዞር አለበት፤ መጋዘኑን አይቶ ቁልቁል ወደ ሰፈሩ የሚወርድ መሆን አለበት።

ስለ ደመወዙ ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ፊደል በቆጠርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት በደመወዛቸው እንዲኖሩ እንደ መከራቸው ተምረናል። መምህራችን ትምህርቱን እዚያ ላይ ያቆሙት ነበር። እኔ ግን ያ ደመወዝ ስንት ነበር? ለቤት ኪራይ ይበቃ ነበርን? ብዬ አስብ ነበር። ተማሪዬ ወደ መጋዘኑ የሄደው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ አይደለም። የቤት ኪራዩ ጨምሮበት ነው። ልጆቹ ሦስት ናቸው። የሚከለክለው ደንብ በሚወጣበት ቀን የፖሊሱ መኖሪያና የትርፍ ሰዓት ክፍያው አብሮ ካልታየ፣ ደንቡ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ፖሊሱም ሌሊት ሌሊት በሌላ መንገድ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል።

ይህን ሐሳቤን ለአንድ የማውቀው ቡና ነጋዴ ነገርሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ እኔ በከፈልሁት ገንዘብ የሰው ላም ይጠበቅ ማለትዎ ነው?» አለኝ። እኔም፣ «ያንን የሚጠብቅልህን ልጅ መንግሥት ሲያሠለጥነው፣ ቀረጡን ከከፈሉት መካከል በገበያ ቅቤ የምትሸጠው መበለት አልነበረችምን?» ብዬ ጠየቅሁት። ሒሳቡን ገና አልጨረስንም፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንገናኛለን።