የአዝረቋ ትንሽ ዓሣ እና የኛ ውዱእ



ብዙዎቻችን ሱረቱል ሙልክን ከመኝታ በፊት እንቀራለን። የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ግን ስንቶቻችን ቆም ብለን አስበናል? አላህ (ሱ.ወ) ውሃችን ወደ ምድር ውስጥ ቢሰርግ ማን እንደሚያመጣልን ይጠይቀናል። ይህ ሩቅ ምሳሌ እንዳይመስላችሁ።

ከዮርዳኖስ ዋና ከተማ ከአማን በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በረሃ መሐል፣ አዝረቅ የምትባል ቦታ አለች። በዐረብኛ «ሰማያዊ» ማለት ነው። ከመሬት የሚፈልቁ ምንጮች ረግረጉን ይሞሉት፣ ከሩቅ የሚሰደዱ ወፎችም ያርፉበት ነበር። በዚያ ውሃ ከጣት የማትረዝም ዓሣ ትኖራለች፤ የአዝረቅ ኪሊፊሽ ትባላለች። በዓለም ላይ የተፈጥሮ መኖሪያዋ እዚያ ብቻ ነው።

ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ውሃው በብዛት በቱቦ ወደ ከተማ ተሳበ። ለእርሻም ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ። የሚወጣው ዝናብ ከሚተካው በለጠና የከርሰ ምድሩ ውሃ ወረደ። በ1992 ምንጮቹ ደረቁ። በቀረችው ኩሬ ላይ ደግሞ ከሌላ ቦታ መጥተው የተለቀቁ ዓሦች ትንሿን ዓሣ ተጋፏት።

ለመፍረድ ግን አንቸኩል። ከዚያ ውሃ የጠጡት የተጠሙ ሰዎችም ናቸው፤ ዲናችንም የሰውን ጥማት አያቃልልም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ጥማታችን ከረካ በኋላ የምናፈሰው ውሃ የማን ድርሻ ነው?

ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣው ሰውዬ ወንጀሉ እንደተማረለት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ለዓሊም ደግሞ በውሃ ውስጥ ያሉ ዓሦች ሳይቀሩ ምሕረት እንደሚለምኑለት አስተምረውናል። ታዲያ ለኛ ኢስቲግፋር የምታደርግ ፍጥረት ቤቷን በኛ ኢስራፍ ብታጣ፣ ነገ አላህ ፊት ምን እንመልሳለን?

አልሐምዱሊላህ፣ የአዝረቅ ታሪክ በድርቀት አላለቀም። ከ1994 ጀምሮ ውሃ መልሶ ወደ ረግረጉ ማስገባት ተጀመረ። የተረፉት ጥቂት ዓሦች ተሰብስበው ተራቡና ወደ ኩሬው ተመለሱ። የተመለሰው ረግረግ ግን ከቀድሞው ትንሹ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም የሚኖረው ሰው ውሃ ሲያደርስለት ነው። ምንጩን ማድረቅ ዓመታት ብቻ ፈጀ፤ እንደ ድሮው ማፍለቅ ግን እስካሁን አልተቻለም። የሱረቱል ሙልክ ጥያቄ ይኸው ነው!

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ዛሬ ለጁሙዓ ውዱእ ስታደርጉ ቧንቧውን ተመልከቱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ ነበር፤ ሰው በሁለት መዳፉ ሞልቶ የሚያፍሰውን ያህል። እኛ አንድ እግር እስክናጥብ ስንት ሙድ ይፈሳል? ራስ እያበሳችሁ ቧንቧውን ዝጉት። የመስጂዳችሁ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ከሆነም «ኮሚቴው ይየው» ብላችሁ አትለፉ፤ ተነጋግራችሁ አሠሩት። ትንሽ ሥራ ናት፤ አላህ ዘንድ ግን የምትጠፋ አይደለችም።

ያ አላህ! ጸጋህን ከሚያባክኑት አታድርገን። በውሃችን በረካ አድርግልን፣ ለሰውም ለእንስሳውም የምናዝን አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍንና ሶለዋትን አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ!